ከታማሚ ናሙና ብቻ አብረው የሚለወጡ አሚኖ አሲዶችን ማግኘት ይቻላል? (የወባ ኬልች 13 ፕሮቲን)

ፍሬ_ላብ

ሰላም ለሁላችሁም።

የማስተርስ ጽሑፌ በወባ ጥገኛ ኬልች 13 ፕሮቲን ላይ ነው። ለማታውቁት ባጭሩ፦ የወባ ጥገኛው ፕላስሞዲየም ፋልሲፓረም የወባ መድኃኒቱን አርቴሚሲኒንን እንዲቋቋም የሚያደርጉት ዋና ዋና ሚውቴሽኖች ያሉት እዚህ ፕሮቲን ላይ ነው። ርዝመቱ 726 አሚኖ አሲድ ነው። አሳሳቢዎቹ ለውጦች በአብዛኛው ከ440ዎቹ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ባለው፣ ፕሮፔለር በሚባለው ክፍል ውስጥ ናቸው። እኛ አገር ትልቁ ስጋት 622ኛው ቦታ ላይ አርጊኒን በአይሶሉሲን የተተካበት ዓይነት ነው።

ማወቅ የምፈልገው፣ 622 ሲለወጥ አብሮት የሚለወጥ ሌላ ቦታ አለ ወይ የሚለውን ነው። ከታማሚዎች የተወሰዱ ጥቂት መቶ ሲኩዌንሶች (የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተሎች) አሉኝ። በፓይተን ለእያንዳንዱ የቦታ ጥንድ ሚውቹዋል ኢንፎርሜሽን (ሁለት ቦታዎች ምን ያህል አብረው እንደሚለወጡ የሚያሳይ መለኪያ) አሰላሁ። አብዛኛው ጥንድ ዜሮ ነው። ከላይ የወጡት ጥቂት ጥንዶች ደግሞ በፕሮቲኑ ቅርጽ ላይ ሳያቸው አንዱ ከሌላው በጣም የራቀ ነው።

አብረው የሚለወጡ ቦታዎችን ወደሚያወጡት ፕሮግራሞች፣ ወደ ጂረምሊን ወይም ሲሲኤምፕሬድ ልቀይር? ወይስ የፕሮቲን ቅርጽ የሚተነብየው አልፋፎልድ ከመጣ ወዲህ ይሄ ነገር ጊዜው አልፎበታል? ላፕቶፔ ጂፒዩ (ከባድ ስሌት የሚያፈጥን ቺፕ) የለውም። ኢንተርኔቱም እንደምታውቁት ነው።

አስተማሪው

እህቴ ፍሬ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። ፕሮግራም መቀየር ግን አያድንሽም። ችግሩ ያለው ከዳታው ነው።

ሚውቹዋል ኢንፎርሜሽን የሚለካው አንዱን አምድ ማየትሽ ስለ ሌላው አምድ ምን ያህል እንደሚነግርሽ ነው። 100 ሲኩዌንስ ከላይ ወደ ታች ደርድረሻል እንበል፤ አንድ አምድ ማለት በሁሉም ላይ ያው አንድ ቦታ ነው። በአንደኛው አምድ 50ው ላይሲን፣ 50ው ግሉታሜት ነው። ላይሲን ባለበት ረድፍ ሁሉ ሌላኛው አምድ ላይ ግሉታሜት አለ፤ ግሉታሜት ባለበት ላይሲን አለ። ውጤቱ 1 ቢት ይሆናል። ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ቻርጅ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ መሳሳባቸው ግን አልፈረሰም። የምንፈልገው ምልክት ይሄ ነው።

አሁን ወደ አንቺ እንምጣ። 622 ላይ ጥቂት ናሙና አይሶሉሲን አለው። ሌሎቹ አምዶች ከሞላ ጎደል ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ናቸው። የማይለወጥ አምድ ስለ ማንም ምንም አይናገርም፤ ነጥቡ ዜሮ ነው። ዜሮ የበዛብሽ ኮድሽ ተሳስቶ አይደለም። ከላይ የወጡት ጥንዶች ደግሞ አንድ ሁለት ናሙና ላይ በአጋጣሚ የተገናኙ ለውጦች ይሆናሉ። የሲኩዌንሲንግ ስህተትም ሊሆን ይችላል።

ሌላም አለ። እነ ጂረምሊን ስሌት ከመጀመራቸው በፊት ሲኩዌንሶቹን ይመዝናሉ። የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው፦ ከአንድ ሲኩዌንስ ጋር 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚመሳሰሉትን ትቆጥሪያለሽ፤ ሲኩዌንሱ ራሱም ይቆጠራል። ክብደቱ 1 ሲካፈል ለዚያ ቁጥር ነው። ያንቺ ሲኩዌንሶች እርስ በርስ ከ99 በመቶ በላይ ይመሳሰላሉ። 300 ቢኖሩሽ የእያንዳንዱ ክብደት 1 ሲካፈል ለ300 ነው። ደምሪው፤ ውጤቱ 1 ነው። ፕሮግራሙ የሚያየው አንድ ሲኩዌንስ ብቻ ነው ማለት ነው።

ሄለን_ወባ

ጋሼ ያሉትን ከመስክ በኩል ላጠናክር። ኬልች 13 ላይ ብዙ ጊዜ አንድ ጥገኛ የሚይዘው አንድ ሚውቴሽን ነው። ደቡብ ምሥራቅ እስያ 580 ላይ ሲስቲን ወደ ታይሮሲን የተለወጠው ገነነ። ሩዋንዳ 561 መጣ። ኡጋንዳ 469 እና 675። የእኛ አካባቢ 622። ሁለቱን ባንድ ላይ የተሸከመ ጥገኛ ብርቅ ነው። ስለዚህ ፕሮፔለሩ ውስጥ የ622ን ጓደኛ ከታማሚ ናሙና መፈለግ ከመነሻው ተስፋ የለውም።

622 ራሱ ግን ቀላል ጉዳይ አይደለም። ኤርትራ ውስጥ በ2016 ከነበረበት 8.6 በመቶ በ2019 ወደ 21 በመቶ ወጥቷል። በ2023 የወጣው የኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከተሰበሰቡ ናሙናዎች 8 በመቶው ላይ አግኝቶታል። እነዚያ ጥገኞች እርስ በርስ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ስለዚህ ከ622 ጋር አብሮ የሚታይ ሌላ የጂኖም ለውጥ ብታገኚ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አብረው መወረሳቸው ነው። ፕሮቲኑ ውስጥ ስለሚነካኩ ነው ለማለት አይበቃም።

የታማሚ ናሙናሽን ለሌላ ጥያቄ ተጠቀሚበት። ከየት መጣ፣ እንዴት ተስፋፋ፣ ከፈጣን ምርመራው ከሚያመልጡት ጥገኞች ጋር ይገናኛል ወይ። እነዚህ ራሳቸውን የቻሉ ትልልቅ ጥያቄዎች ናቸው።

ፍሬ_ላብ

ጋሼ፣ ሄለን፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የክብደቱ ነገር አሁን ገባኝ። እንግዲህ አብረው የሚለወጡ ቦታዎችን ለማየት ከሌሎች ፍጥረታት የተወሰዱ ዘመድ ፕሮቲኖች ያስፈልጉኛል ማለት ነው? የሰው ፕሮቲን ጭምር?

አስተማሪው

አዎ፣ የሰውም፣ የዓሣም፣ የዕፅዋትም። የኬልች ፕሮፔለር በጣም የተስፋፋ ቅርጽ ነው። ኪፕ1 የሚባለው የሰው ፕሮቲን ስድስት ምላጭ (ዙሪያውን የተደረደሩ ክንፍ መሰል ክፍሎች) ያለው ፕሮፔለር አለው፤ ያንቺም እንዲሁ። የሥራ ድርሻቸው ይለያያል፣ አጽማቸው ግን አንድ ነው። በረጅም ዘመን ብዙ ነገራቸው ተለውጦ ቅርጻቸው ስላልፈረሰ፣ ማን ከማን ጋር እንደተደጋገፈ የሚያሳየው ያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ዝምድና ራሱ ሐሰተኛ ምልክት ይፈጥራል። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁሉም ጠይም፣ ሁሉም ረጅም ቢሆኑ፣ ጠይምነት ያስረዝማል አይባልም፤ ሁለቱንም ከአንድ አያት ወርሰውታል። ሲኩዌንስም ላይ እንደዚያው ነው። ከመዘንሽም በኋላ ይሄ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

ቢላል_ፊዚክስ

ከፕሮግራሞቹ ጀርባ ያለውን ሐሳብ ትንሽ ልግፋበት። ፍሬ እንደምታዪው ስሞቹ ብዙ ናቸው፤ የሚለያዩበት ቦታ ግን ጥቂት ነው።

ጎብል፣ ሳንደር፣ ሽናይደርና ቫለንሲያ በ1994 አብረው የሚለወጡ አምዶችን ተጠቅመው የሚነካኩ አሚኖ አሲዶችን ለመተንበይ ሞከሩ። ምልክቱ ነበረ፣ ጩኸቱ ግን በዛ። ከዚያ ሚውቹዋል ኢንፎርሜሽንና ሌሎች መለኪያዎች መጡ። በ2008 ደን፣ ዋልና ግሉር አንድ ቀላል እርማት አወጡ። የአንዱን አምድ አማካይ ነጥብ በሌላው አምድ አማካይ ያባዛል፣ ለጠቅላላው አማካይ ያካፍላል፣ የወጣውን ከጥንዱ ነጥብ ላይ ይቀንሳል። ከሁሉም ጋር የተዛመደ የሚመስለውን አምድ ልክ ያስገባል። በኤክሴል እንኳ የሚሠራ ስሌት ነው። ዛሬም ድረስ ሲሲኤምፕሬድና ጂረምሊን መጨረሻ ላይ ይጠቀሙበታል።

ትልቁ እንቅፋት ግን ሌላ ነበር። ሀ፣ ለ እና ሐ ሦስት ቦታዎች ይሁኑ። ሀ ለን ይነካል፣ ለ ሐን ይነካል። ሀ እና ሐ ሳይነካኩ አብረው ይለወጣሉ። በቁጥር እንየው። የሀ እና የለ ዝምድና 0.8፣ የለ እና የሐ 0.8 ቢሆን፣ ሀ እና ሐ በለ በኩል ብቻ ቢገናኙ እንኳ 0.64 ይወጣል። ይሄ ቁጥር ከብዙ እውነተኛ ንክኪ ይበልጣል! ጥንድ ጥንዱን ለየብቻ የሚያይ ማንኛውም ዘዴ እዚህ ጋ ይሸነፋል። ለን ቋሚ አድርገሽ ብታሰይው ግን የሀ እና የሐ ቀጥተኛ ዝምድና ዜሮ ይሆናል።

በ2009 ቫይግትና ባልደረቦቹ ይህን ያደረጉት በባክቴሪያ ውስጥ መልእክት በሚቀባበሉ ሁለት ፕሮቲኖች ላይ ነው። ሁሉንም አምዶች ባንድ ሞዴል ውስጥ ከተው የቀጥታውን ግንኙነት ከተዘዋዋሪው ለዩ። በ2011 ሞርኮስና ሌሎች አፈጠኑት፤ ዋናው ሥራ የኮቫሪያንስ ማትሪክሱን (የአምዶቹን አብሮ መለዋወጥ የያዘውን ሠንጠረዥ) መገልበጥ ሆነ። ፒሲኮቭ የተባለው ፕሮግራም በ2012 የሚቀራረብ መንገድ ያዘ። ጂረምሊን በ2011 ካርኔጊ ሜለን ተጀምሮ፣ በ2013 ዴቪድ ቤከር ላብራቶሪ ውስጥ ተሻሻለ። ሲሲኤምፕሬድ በ2014 ከሶዲንግ ቡድን ወጣ፤ ከጂረምሊን ጋር የሚመሳሰል ስሌት ነው፣ ጂፒዩ ላይ በጣም ይፈጥናል። ለአንቺ ሥራ ከሁለቱ የትኛውንም ብትይዢ ውጤቱ ብዙም አይራራቅም።

ሲኩዌንስ ለምን በብዛት እንደሚያስፈልግ ደግሞ ይሄን አስቢ። ፕሮፔለርሽን ከ443 እስከ 726 ብትቆርጪው 284 ቦታ ነው። 40,186 ጥንድ ይወጣዋል። ለያንዳንዱ ጥንድ 20 በ20፣ 400 ቁጥር መገመት አለበት። ድምሩ ከ16 ሚሊዮን ይበልጣል። ያን ሁሉ ቁጥር ከጥቂት ሺህ ረድፍ ማውጣት የሚቻለው ሞዴሉ እንዳይፈነጭ በቅጣት ሲያዝ ብቻ ነው። የጂረምሊን ሰዎች በ2013 ያስቀመጡት ግምት ቢያንስ የርዝመቱን አምስት እጥፍ ሲኩዌንስ ነው። ላንቺ 1,420 ገደማ መሆኑ ነው። ከድግግሞሽ የጸዳ መሆን አለበት፣ እንዲያው የተከመረ አይደለም።

ዮናስ_88

ይቅርታ፣ ግን ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? የኬልች 13 ቅርጽ በክሪስታል ተሠርቷል። ባይሠራ እንኳ አልፋፎልድ አለ። በ2024 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ለዚህ አይደል? ማን ከማን ጋር እንደሚነካካ ከፈለገች ቅርጹን ከፍታ ርቀቱን ትለካ።

ማህደር_ስቶክሆልም

ዮናስ፣ ርቀት መለካትማ ትችላለች። ርቀት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው የሚነግራት። 622 አጠገብ በ8 አንግስትሮም (በአቶሞች መካከል ያለ ርቀት መለኪያ) ውስጥ ብዙ ጎረቤት አለ። ከነዚያ ውስጥ የትኛው ጥንድ በዝግመተ ለውጥ ውስጥ እንደተሳሰረ ቅርጹ አይናገርም። አንዳንዱ ጎረቤት 622 ምንም ሆነ ምን ግድ የለውም። አንዳንዱ ደግሞ ካልተስማማው ፕሮቲኑ ይንጋደዳል። የፍሬ ጥያቄ ይሄኛው ነው።

ሁለተኛ፣ አልፋፎልድ ራሱ የሚበላው አላይመንት፣ ማለትም የተደረደሩ ዘመድ ሲኩዌንሶችን ነው። የ2021 ጽሑፋቸው ላይ አላይመንቱ ከ30 ሲኩዌንስ ገደማ ሲያንስ ጥራቱ በግልጽ እንደሚወርድ ጽፈዋል። አብሮ የመለወጥ ምልክቱን ውስጥ ለውስጥ ይጠቀምበታል፣ ለተጠቃሚው ግን አውጥቶ አያሳይም። እነ ጂረምሊን ግን በያንዳንዱ ጥንድ ላይ ቁጥር ይሰጣሉ፤ ቁጥሩ ከየትኞቹ አሚኖ አሲዶች እንደመጣም ወርደሽ ታያለሽ። በዚያ ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ቀይረሽ አልፋፎልድን ብትጠይቂው ብዙ ጊዜ ያንኑ ቅርጽ ይመልስልሻል። የነጥብ ሚውቴሽን ጉዳት እንዲተነብይ ታስቦ አልተሠራም።

ቤከር፣ ሃሳቢስና ጃምፐር የተሸለሙበት ሥራ ከዚህ ታሪክ ተነጥሎ አይታይም። ከላይ ቢላል የጠቀሰው የጂረምሊን ላብራቶሪ የቤከር ነው። እዚህ ስቶክሆልምም እነ ኤከበርግና አውሬል በ2013 ፕላምዲሲኤ የሚባለውን ፕሮግራም አውጥተዋል፤ ጥንዶቹን የሚያሰላበት መንገድ ዛሬ ብዙዎች የሚጠቀሙበት ነው። እኔ እነዚህን መሣሪያዎች የምወዳቸው ለምን እንዲህ አላችሁ ሲባሉ መልስ ስላላቸው ነው።

ናቲ_ኮድ

ወደ ሥራው እንግባ። ፍሬ፣ ጂፒዩ አያስፈልግሽም። ብዙ ጊጋባይት የሚፈጀውን ዳታቤዝ ማውረድም አያስፈልግሽም፤ ባለን ኢንተርኔት የማይሞከር ነው።

ጉግል ኮላብ (ፓይተን በኢንተርኔት የሚያስኬድ አገልግሎት) ላይ አልፋፎልድን የሚያስኬደውን ኮላብፎልድን ክፈቺ። ከ443 እስከ 726 ያለውን ሲኩዌንስ ብቻ ስጪው። ፍለጋውን የሚሠራው በነሱ ሰርቨር ነው። ቅርጹን ባትፈልጊው እንኳ አላይመንቱን ኤ3ኤም በሚባል ፋይል ያስቀምጥልሻል። ትንሽ ፋይል ናት፣ በስልክ ዳታም ትወርዳለች። ወዲያው ድራይቭሽ ላይ አስቀምጪያት፤ መብራት ቢሄድ ወይም ኮላብ ቢዘጋብሽ ከዜሮ አትጀምሪም።

ከዚያ ማጽዳት ነው። ኤ3ኤም ውስጥ ትንንሽ ፊደላት ታያለሽ። እነሱ ያንቺ ፕሮቲን ላይ የሌሉ፣ ሌላው ያስገባቸው ናቸው። ሰርዣቸው። ስትጨርሺ እያንዳንዱ ረድፍ እኩል 284 ፊደል መሆን አለበት፤ ካልሆነ አንድ ቦታ የቀረ ነገር አለ። ቀጥሎ ከርዝመትሽ ቢያንስ 75 በመቶውን የማይሸፍኑ ረድፎችን ጣዪ። ይሄን ካልሠራሽ ባዶ ቦታዎቹ እርስ በርስ መዛመድ ይጀምራሉ። ባዶ ቦታ ተያይዞ ስለሚመጣ ጎን ለጎን ያሉ አምዶች በጣም የተሳሰሩ ይመስላሉ፣ በተለይ ጫፍና ጫፍ ላይ። ሲሲኤምፕሬድን የምትጠቀሚ ከሆነ ደግሞ በ> የሚጀምሩትን የስም መስመሮች አውጪ፤ እሱ የሚያነበው ስም የሌለውን የሲኩዌንስ ረድፍ ብቻ ነው። ጂረምሊን ኮላብ ላይ የሚሄድ ኖትቡክ አለው፣ ለጀማሪ እሱ ይቀላል።

አሁን ሁሉም የሚደናቀፍበት ቦታ ጋ መጣን፦ ቁጥሩ። ፋይልሽ ከ443 ነው የሚጀምረው። 622 ፋይሉ ውስጥ 180ኛው አምድ ነው። ፓይተን ደግሞ ከዜሮ ስለሚቆጥር 179 ብለሽ ነው የምትጠሪው። እዚያ ላይ በርግጥ አርጊኒን መኖሩን በፕሪንት አረጋግጪና ቀጥዪ።

ኤልሳ_ቢ

ጣልቃ ልግባ። ስታቲስቲካል ካፕሊንግ አናሊሲስስ? ሎክለስና ራንጋናታን በ1999 ያወጡት። እሱ ጥንድ ጥንድ ሳይሆን አብረው የሚንቀሳቀሱ ቡድኖችን፣ ሴክተር የሚሏቸውን ያወጣል። ከመድኃኒት መቋቋም ጋር የሚሄደው እሱ አይመስላችሁም?

አስተማሪው

ኤልሳ፣ ሐሳቡ ያምራል። በዚያ መንገድ ሰው ሠራሽ ፕሮቲን ሠርተው በትክክል እንደሚታጠፍ አሳይተዋል፤ ደብሊውደብሊው ዶሜይን በሚባለው ትንሽ የፕሮቲን ክፍል ላይ የተሠራውን የ2005ቱን ሥራ ማለቴ ነው። ቀላል ስኬት አይደለም።

እኔ ለማስተርስ ጽሑፍ የማልመክረው በአንድ ምክንያት ነው። ዘዴው ብዙም ያልተለወጡ ቦታዎችን አብልጦ ይመዝናል። በ2015 ቴሺሌአኑ፣ ኮልዌልና ላይብለር ሴክተር ተብሎ የሚወጣው ነገር በብዙ ቦታ አለመለወጥን ብቻ እንደሚያንጸባርቅ ጽፈዋል። ክርክሩ አልተዘጋም። ግን ፍሬ ጽሑፏን በምትከላከልበት ቀን "ይሄ ከተራ ኮንሰርቬሽን በምን ተለየ?" ብትባል መልሱ ቀላል አይሆንም። የምትሞክሪው ከሆነ ኮንሰርቬሽኑን ለብቻው አስልተሽ ጎን ለጎን አስቀምጪ።

ፍሬ_ላብ

ተመልሻለሁ። ናቲ፣ በጣም ነው የማመሰግነው፣ እንዳልከው ሠራሁት። ካጸዳሁና ከመዘንኩ በኋላም ከ1,420 በላይ ሆነ። ጂረምሊንን አስኬድኩት።

የጥንዶቹ ነጥብ ካርታ (ማን ከማን ጋር እንደተሳሰረ የሚያሳየው ሥዕል) አሁን ካርታ ይመስላል። ከላይ ከመጡት ጥንዶች ብዙዎቹ ቅርጹ ላይ የሚነካኩ ናቸው። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ከዋናው ሰያፍ መስመር ጎን ትይዩ መስመሮች ይታያሉ። አንዱ 47 ቦታ ገደማ ይርቃል። ሌላ ደብዘዝ ያለ 94 አካባቢ አለ። አንዱ ደግሞ ጥጉ ላይ ነው፣ 235 ገደማ። እውነተኛ ንክኪ ናቸው?

ማህደር_ስቶክሆልም

ፍሬዬ፣ እዚህ ጋ ቀስ በዪ። እዚህ ውይይት ውስጥ ካነሳነው ሁሉ ለኬልች ፕሮቲን ዋናው ይሄ ነው።

ፕሮፔለርሽ ስድስት ምላጭ አለው። 284 ለ6 ሲካፈል 47 ገደማ። ምላጮቹ ተመሳሳይ ናቸው፤ እያንዳንዱ ላይ ሁለት ተከታታይ ግላይሲን፣ ከዚያ ራቅ ብሎ ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን ይደጋገማሉ። ስለዚህ ሁለት ነገር ይደባለቅብሻል። አንደኛው አላይመንቱ ሲንሸራተት ነው። የአንዱ ፕሮቲን ሁለተኛ ምላጭ ካንቺ ሦስተኛ ምላጭ ጋር ይደረደራል። ሁለተኛው፣ ምላጮቹ ከአንድ ጥንታዊ ምላጭ በመባዛት የመጡ በመሆናቸው መመሳሰላቸው ራሱ ዝምድና ይፈጥራል። ሁለቱም በ47፣ በ94፣ በ141 ርቀት ትይዩ መስመር ይሠራሉ።

ነገር ግን ጎረቤታም ምላጮች በእውነትም ይነካካሉ። ያም 47 አካባቢ ይወጣል። እንዴት ትለያለሽ?

94ቱን እዪ። ምላጭ 1 እና ምላጭ 3 መካከል ምላጭ 2 አለ። በአብዛኛው አይነካኩም። ስለዚህ 94 ላይ ያለው መስመር የድግግሞሽ ጥላ ነው ብለሽ ያዢ። የ94ቱ ጉልበት የ47ቱም ምን ያህሉ ጥላ እንደሆነ መለኪያ ይሆንሻል። ከዚያ በጉልህ የሚበልጡትን የ47 ጥንዶች ብቻ ውሰጂ። ወደ መሃሉ ቀዳዳ የቀረቡት ክሮች በጎረቤታም ምላጮች መካከል ይቀራረባሉ፣ ወደ ውጭ ሲሄድ ይራራቃሉ። ቅርጹ ላይ ስታመሳክሪ ይሄንን ጠብቂ። ምላጮቹ እኩል ርዝመት ስለሌላቸው መስመሮቹ ትንሽ ይጣመማሉ፣ አያስደንግጥሽ።

235ቱ ግን ደስ ይላል! ምላጭ 1 እና ምላጭ 6 ናቸው። ቀለበቱ የሚዘጋው እዚያ ነው። ሲኩዌንሱ ላይ ጫፍና ጫፍ ናቸው፣ ቅርጹ ላይ ግን ጎረቤታም ናቸው። ያ እውነተኛ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ስትቆጥሪ ደግሞ በሲኩዌንስ ላይ ከ6 ቦታ በታች የሚራራቁ ጥንዶችን አውጪ። ተከታታይ ስለሆኑ መነካካታቸው ዜና አይደለም። ከቀሩት ከላይ የፕሮቲኑን ርዝመት ያህል፣ ማለትም 284 ጥንድ ወስደሽ፣ በቤታ ካርቦኖቻቸው (የጎን ሰንሰለቱ የመጀመሪያ ካርቦን) መካከል ከ8 አንግስትሮም በታች የሆኑት ስንት በመቶ እንደሆኑ ጻፊ። የተለመደው መመዘኛ እሱ ነው።

ቢላል_ፊዚክስ

ማህደር ያለችውን የ94ቱን ነገር ወድጄዋለሁ። አንድ ልጨምር። ከቅርጹ ጋር የማይገጥሙትን ጥንዶች ሁሉ ስህተት ብለሽ አትጣያቸው። ሁለት ተመሳሳይ ፕሮቲኖች ሲጣመሩ በመካከላቸው ያለው ንክኪ በአንዱ ፕሮቲን ውስጥ ሲታይ ሩቅ ይመስላል። ድግግሞሹን ካጣራሽ በኋላም ጠንክረው የቀሩ ሩቅ ጥንዶች ካሉ፣ ለብቻቸው ዘርዝሪያቸው።

ሄለን_ወባ

ፍሬ፣ እንግዲህ ወደ 622 ተመለሺ። ካርታው ጥሩ ነው፣ ግን ሚኒስቴሩም ሆነ ሐኪሙ የሚጠይቀው ይሄ ለውጥ ፕሮቲኑን ምን ያደርገዋል የሚለውን ነው።

ፍሬ_ላብ

እሱን ላነሳ ነበር። 180ኛው አምድ ላይ ጠንካራ ትስስር ያላቸው ጥቂት ቦታዎች አሉ። ከዚያ ተነስቼ "622 ሲለወጥ እነዚህ ይናጋሉ" ማለት እችላለሁ?

አስተማሪው

እንደዚያ በቀጥታ አትበዪ። ያው ሞዴል ግን ሌላ ነገር ይሰጥሻል። ለሙሉው ሲኩዌንስ አንድ ነጥብ ያወጣል። 622ን አርጊኒን አድርገሽ አስይ፣ ከዚያ አይሶሉሲን አድርገሽ አስይ፣ ልዩነቱን ውሰጂ። በ2017 ኢቪሚውቴሽን በሚል ስም የወጣው ዘዴ ይሄው ነው። አሚኖ አሲዱን ከሌሎቹ ሁሉ ጋር ያለውን ትስስር ጨምሮ ይመዝነዋል።

አንድ ለውጥ ብቻ አታስዪ። 284 ቦታ፣ እያንዳንዱ ላይ 19 አማራጭ አለ፤ 5,396 ለውጥ ይሆናል። ሁሉንም አስይና 580፣ 561፣ 469፣ 675 እና 622 ከነዚያ መካከል የት እንደሚወድቁ አሳዪ። አንድ ቁጥር ብቻውን ምንም አይልም።

የባዮሎጂው ትርጉም ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኬልች 13 ሚውቴሽኖች በጥገኛው ውስጥ የፕሮቲኑን መጠን እንደሚቀንሱ ታይቷል። ፕሮቲኑ ሲያንስ ጥገኛው የሚውጠው ሄሞግሎቢን ይቀንሳል፣ መድኃኒቱን የሚያነቃቃው ነገርም ያንሳል። ፕሮቲኑ ሙሉ በሙሉ ቢጠፋ ግን ጥገኛው አይኖርም። ስለዚህ የምትጠብቂው ለውጥ መካከለኛ ጉዳት ያለው ነው። ሞዴሉ "እጅግ ጎጂ" የሚላቸው ለውጦች መስክ ላይ የማይታዩት ገዳይ በመሆናቸው ሊሆን ይችላል። ይሄ ጥሩ መላምት ነው፣ መፈተንም ይችላል።

ማህደር_ስቶክሆልም

አላይመንቱ ላይ ደግሞ አንድ ፈተና ጨምሪ። ከሰበሰብሻቸው ብዙዎቹ የእንስሳት ፕሮቲኖች ይሆናሉ። የኬልች ቤተሰብ እዚያ በጣም ተባዝቷል። የወባ ጥገኛ የቅርብ ዘመዶች ጥቂት ናቸው። ስሌቱን አንድ ጊዜ በሁሉም፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ከኬልች 13 ጋር ይበልጥ በሚመሳሰሉት ብቻ አስኬጂው። ሁለተኛው ሲኩዌንስ ያንሰዋል፣ ግን ስለራሱ ፕሮቲን ይበልጥ ይናገራል። በሁለቱም ላይ ከላይ የሚገኙትን ጥንዶች እመናቸዋለሁ። በአንዱ ብቻ የታዩትን ግን በሠንጠረዥ ላይ ለይታችሁ አስቀምጧቸው፣ አንቺም አማካሪሽም።

ናቲ_ኮድ

ዘዴው ምዕራፍ ላይ ምን ይጻፍ ላልሽው በውስጥ መስመር፣ እዚሁ ልመልስ፣ ሌላም ሰው ይጠቀምበታል። አላይመንቱ የተሠራበትን ቀንና የዳታቤዙን ስም ጻፊ፤ ዳታቤዝ ይለወጣል፣ ውጤቱም አብሮ። ከማጽዳት በፊትና በኋላ የነበረውን የረድፍ ብዛት፣ ከተመዘነ በኋላ የቀረውን ቁጥር፣ የ80 በመቶውን ወሰን፣ የሽፋን ወሰንሽን፣ ከየትኛው እስከየትኛው ቦታ እንደቆረጥሽ። ኤ3ኤም ፋይሉን ራሱን ከጽሑፉ ጋር አያይዢው። ሌላ ሰው የአንቺን ፋይል ከከፈተ 284 ፊደል፣ 180ኛው ላይ አርጊኒን ማግኘት አለበት።

ፍሬ_ላብ

ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። 5,396ቱን ዛሬ ማታ ኮላብ ላይ አስኬዳለሁ። የ94ቱን መስመር ካጣራሁ በኋላ የቀሩትን የ180ኛው አምድ ጥንዶች ሠንጠረዥ እዚሁ እለጥፋለሁ፤ ማህደር፣ አንቺ ቅርጹ ላይ ብታዪልኝ ደስ ይለኛል።